ፖርሽ 911 ለቤተሰብ፤ በደሴ ዳገትና በሐረጎ ቁልቁለት

ከስፖርት መኪኖች መካከል ፖርሽ 911 ለቤተሰብ የሚታሰበው ከኋላ ሁለት ትንንሽ ወንበሮች ስላሉት ነው። አብዛኞቹ ፌራሪዎችና ላምቦርጊኒዎች ሁለት ሰው ብቻ ስለሚጭኑ ልጅ ላለው ሰው ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። 911 ግን አባትን፣ እናትንና ሁለት ልጆችን ይይዛል፤ ከፊት ኮፈን ስርም ዕቃ ይጭናል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ በየቀኑ ሊነዳ ይችላል። የሚያስቸግረው ፍጥነቱ አይደለም። የሚያስቸግረው ከፍታው፣ ቁልቁለቱና የግቢ በር መወጣጫው ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በብርድ ጠዋት ተነስቶ ትምህርት ቤት ድረስ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ ሳይሞቅ የሚጠፋው ሞተር ነው። ምክራችን በእነዚህ ላይ ያተኩራል። ቁጥሮቹ 997 ተብሎ የሚጠራውን፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2012 ሞዴል ድረስ የተሠራውን፣ ካሬራ የተባለውን መሠረታዊ 911 ይመለከታሉ።

ከመግዛት በፊት

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ የሚገዛው አገር ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ምርጫው ጠባብ ሲሆን ሰው ቀለሙንና ወንበሩን አይቶ ይቸኩላል። አትቸኩሉ። ዋናው ጥያቄ መኪናው ከ2009 ሞዴል በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ነው።

እስከ 2008 ሞዴል ያሉት ካሬራዎች ሞተር ውስጥ መካከለኛ ዘንግ አለ፤ እሱን የሚይዘው ኩሽኔታ ከተበላ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ያበላሻል። በመጀመሪያዎቹ 997ቶች ላይ ኩሽኔታው ካምቢዮ ወርዶ ሊቀየር ይችላል። በኋላ የገባው ትልቁ ኩሽኔታ የተሻለ ጠንካራ ነው፤ ግን ሞተሩ ሳይከፈት አይወጣም። ከ2009 ጀምሮ የመጣው ሞተር ይህ ዘንግ ጭራሽ የለውም። በሌላ በኩል አዲሱ ሞተር ቤንዚንን በከፍተኛ ግፊት በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ስለሚረጭ ለቆሻሻ ነዳጅ ስሱ ነው፤ የግፊት ፖምፓው ከተጎዳ ዋጋው የሚያስደነግጥ ነው። እኛ በሁለቱ መካከል ምረጡ ብንባል 2009ኙን እንመርጣለን። ቆሻሻ ነዳጅን በጥንቃቄ መከላከል ይቻላል፤ ኩሽኔታው መቼ እንደሚለቅ ግን ማንም አይነግራችሁም።

የቀድሞው ሞተር ሌላው በሽታ የሲሊንደር ግድግዳ መቧጨር ነው። ሲጀምር ከአንድ ወገን የሚመጣ ቀጭን የመዶሻ ድምፅ ይሰማል፤ ዘይት ይጎድላል፤ ከጭስ ማውጫዎቹ አንዱ ከሌላው ይልቅ በጥቁር ጥላሸት ይሸፈናል። ካሜራ ከካንዴላ ቀዳዳ ብቻ አስገብቶ የሚያይ መካኒክ ሊስተው ይችላል፤ ጭረቱ በብዛት ከታች ስለሚጀምር የዘይት ቋቱ ተፈቶ ከስር መታየት አለበት። በዚያው የዘይት ፊልትሮውን ቁረጡና ወረቀቱን ዘርግታችሁ በፀሐይ ብርሃን እዩት፤ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለ መኪናውን ተዉት። ይህን ምርመራ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ መኪና ፈልጉ።

በርና ጉብታ

የ997 ሆድ ከመሬት የሚርቀው 10 ወይም 11 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል 235 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ስናዋህዳቸው ሆዱ ሳይነካ የሚሻገረው የመሬት እጥፋት 10 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ማለትም በአንድ ሜትር ርዝመት 17 ሴንቲ ሜትር የሚነሳ መወጣጫ መጨረሻው ነው። አራት ሰው ሲጫን ደግሞ ይህም ይቀንሳል። ደሴ ውስጥ ብዙ ግቢ ከመንገዱ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ የተሠራ በመሆኑ መኪናው መጀመሪያ የሚጎዳው ቤቱ በር ላይ ነው።

መወጣጫውን አንድ ለስምንት አድርጋችሁ ሥሩት። ከፍታው 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ርዝመቱ 120፣ 20 ከሆነ 160 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ላይኛው ጫፍ በአንድ ጊዜ እንዳይታጠፍ የመጨረሻውን 30 ሴንቲ ሜትር አለስልሱት። በላሜራ የተሠራ መወጣጫ ክረምት ላይ ያንሸራትታል፤ ሲሚንቶ ይሻላል፤ ሳይደርቅ በመጥረጊያ አግድም መስመር አውጡበት። ከስሩ የዝናብ ቦይ የሚያልፍ ከሆነ ትቦ ቅበሩ፤ ካልሆነ የጎረቤት ግቢ በውሃ ይሞላል።

የመንገድ ጉብታ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እስከ መጨረሻው ፍሬን ይዞ በመድረሱ ነው። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት ይጎነበሳል። ቀድማችሁ ፍጥነቱን ጨርሱና ጎማው ጉብታውን ሊነካ ሲል ፍሬኑን ልቀቁት። ጉብታው ሹል ከሆነ ሰያፍ ግቡ፤ አንድ ጎማ ይውጣ፣ ሌላው ይከተል። ሰያፍ ሲገባ መኪናው የሌላውን መስመር ስለሚነካ በስፖኪዮ ባጃጅ አለመኖሩን እዩ። ከፓራውልቱ ስር ያለው ጥቁር የጎማ ከንፈር እንዲሰበር ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሲቀደድ አትዘኑ፤ ተለዋጭ አንድ ቤት ይኑራችሁ።

ኮብልስቶን ላይ ከ20 በላይ አትንዱ። ንዝረቱ ከስር ያሉትን የፕላስቲክ መሸፈኛዎች ቡሎን ያላላል፤ ቡሎን የጠፋው መሸፈኛ ተንጠልጥሎ አንድ ቀን መሬት ይይዝና ይቀደዳል። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጥብቁ።

ሌላ ጉዳይ አለ። ዳገት ላይ የቆመ መኪና ጎማው ስር ድንጋይ ማስደገፍ የከተማችን ልማድ ነው፤ ልማዱም ትክክል ነው። የ911 የእጅ ፍሬን ከኋላ ዲስክ ውስጥ በተቀመጠ ትንሽ ከበሮ የሚሠራ በመሆኑ ከላላ ዳገት ላይ አይዝም፤ ስለዚህ ማርሽ አስገቡ፣ ጎማውን ወደ ጠርዙ አዙሩ፣ ድንጋይም አስደግፉ። ግን ስትነሱ ድንጋዩን አንሱት። መንገድ ላይ የተተወ ድንጋይ ላንድክሩዘር አይጎዳም፤ የዝቅተኛ መኪናን የዘይት ቋት ግን ይበሳል፤ ለሞተር ብስክሌት ነጂ ደግሞ የሞት ወጥመድ ነው።

ልጆቹ የት ይቀመጡ

የኋላ ወንበሩ አዋቂ አያስቀምጥም፤ ለልጅ ግን፣ እስከ 140 ሴንቲ ሜትር ቁመት አካባቢ፣ ይሠራል። የልጅ መቀመጫ ከመግዛታችሁ በፊት የሜትር መለኪያ ይዛችሁ ሦስት ነገር ለኩ፦ የኋላ ወንበሩ ማስቀመጫ ስፋት፣ የፊት ወንበር ሹፌሩ በሚነዳበት ቦታ ሳለ ከጀርባው እስከ ኋላ መደገፊያ ያለው ርቀት፣ የበሩ ክፍተት። ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል፤ መቀመጫው ወንበሩ ላይ ይገጥማል፣ በሁለት በር መኪና ግን ውስጥ አይገባም። አይሶፊክስ የሚባለው የብረት መያዣ መኖሩን በመደገፊያውና በማስቀመጫው መሀል እጃችሁን ሰዳችሁ ዳስሱ። ከሌለ በመኪናው ቀበቶ የሚታሰር መቀመጫ ግዙ።

አር129 የተባለው የልጅ መኪና መቀመጫ ደረጃ ሕፃን ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ እንዲቀመጥ ያዛል፤ ምክንያቱም ጭንቅላቱ ከባድ፣ አንገቱ ገና ልል ነው። እንዲህ ያለው መቀመጫ ቦታ ስለሚበላ በ911 ከሹፌሩ ኋላ አይገባም፤ ከጋቢናው ተሳፋሪ ኋላ ይታሰራል፤ የፊቱ ተሳፋሪም ጉልበቱን አጥፎ መቀመጥ ይኖርበታል። ከፊት ወንበር ላይ ማድረግ የሚቻለው የዚያ ወገን ኤርባግ ከጠፋ ብቻ ነው። ኤርባጉ የማይጠፋ ከሆነ ፊቱን ወደ ኋላ ያደረገ ሕፃን ከፊት ፈጽሞ አይቀመጥም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ መቀመጫውን ከሕፃኑ ጋር ወደ ወንበሩ መደገፊያ ይመታዋል።

መቀመጫው ከታሰረ በኋላ ቀበቶው የሚያልፍበትን ቦታ ይዛችሁ ወደ ጎንና ወደ ፊት ነቅንቁት። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ፈትታችሁ፣ ጉልበታችሁን ማስቀመጫው ላይ ተጭናችሁ እንደገና እሰሩ። ደሴ ብርድ ስለሆነ ልጁ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ይታሰራል፤ ይህ አደገኛ ነው። ጃኬቱ በግጭት ጊዜ ይጨመቅና ቀበቶው ላልቶ ይቀራል። ጃኬቱን አውልቁ፣ ቀበቶውን በትከሻው ላይ በጣት ቆንጥራችሁ ትርፍ ጨርቅ እስከማይያዝ አጥብቁ፣ ጋቢውን ወይም ብርድ ልብሱን ከላይ አልብሱት።

የኋላ መስኮቶቹ አይከፈቱም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው በሐረጎ መንገድ ኩርባዎች ላይ ኋላ የተቀመጠ ልጅ ቶሎ ያቅለሸልሸዋል፤ ሞተሩ ከጀርባው ስለሆነ ሙቀትና ድምፅም አለ። ከጉዞ በፊት የሰባ ምግብ አታብሉት፤ ስልክ አታስይዙት፤ አየር ማቀዝቀዣውን ንጹሕ አየር ከውጭ እንዲያስገባ አድርጉ። ከደሴ ኮምቦልቻ 650 ሜትር ያህል ስለሚወረድ ጆሮ ይደፈናል። ትልቅ ልጅ ማስቲካ ያኝክ፤ ሕፃን ጡጦ ይያዝ። ጡት ማጥባት ካስፈለገ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፤ መኪና እየሄደ ሕፃንን ከመቀመጫው ማውጣት በማንኛውም ምክንያት ትክክል አይደለም።

ዕቃን በተመለከተ የፊቱ ቦታ 135 ሊትር ነው፤ በአራት ጎማ በሚስበው ሞዴል 105 ይሆናል። ኩንታል ጤፍ አይገባም። ሁለት ባለ 25 ኪሎ ከረጢት ግን ይገባል፤ ክብደቱም ፊት ላይ ስለሚያርፍ መሪውን አያበላሽም። ከ50 ኪሎ በላይ ግን አትጫኑበት። የበዓል በግ፣ የጋዝ ሲሊንደርና 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን በባጃጅ ወይም በፒክአፕ ይምጣ፤ የዓመቱን ጭነት ሁሉ በአንድ መኪና ለመሸፈን መሞከር ነው ወንበሩንም ሆዱንም የሚያበላሸው። ልጆች ባይኖሩና የኋላ መደገፊያዎቹ ቢታጠፉ 205 ሊትር ይገኛል፤ የተቀመጠው ዕቃ ግን በመረብ ይታሰር፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ ሹፌሩ ማጅራት ነው የሚመጣው።

ሐረጎ

ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ በመሀላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባዶው 1,395 ኪሎ የሚመዝነው ካሬራ ከቤተሰቡና ከዕቃው ጋር 1,640 ኪሎ ይሆናል። ይህ ክብደት 650 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 30 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በደሴ ከፍታ እስኪፈላ ድረስ የሚያሞቅ ነው። የተወሰነው በነፋስና በጎማ ይበላል፤ ቀሪው ወይ ሞተር ላይ ወይ ፍሬን ላይ ይወድቃል። የት እንደሚወድቅ የሚወስነው ሹፌሩ ነው።

ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሱ። በእጅ ማርሽ ከሆነ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ፣ ሞተሩ ከ3,000 እስከ 4,000 ዙር መሀል ይሁን። በአውቶማቲኩም ማንሻውን ወደ እጅ ምርጫው አዙራችሁ ራሳችሁ ያዙት፤ ካልሆነ እየወረደ ራሱ ማርሽ ይጨምራል። ፍሬኑን እግር ጣል አድርጎ ያለማቋረጥ መያዝ ትታችሁ ቆፍጠን አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁት፤ ፍሬኑ በተለቀቀ ቁጥር ዲስኩ ነፋስ ያገኛል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ሽታ ከመጣ ዘግይታችኋል።

የፍሬን ዘይት ዶት 4 ነው። አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን 155 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ፋብሪካው በየሁለት ዓመቱ ይቀየር ይላል፤ በየሳምንቱ ሐረጎን የሚወርድ መኪና ግን በየዓመቱ፣ ክረምት ሲወጣ፣ መቀየር አለበት። አንድ ሊትር ይበቃል። የተከፈተና የተራረፈ ዘይት ለከርሞ አታስቀምጡ፤ ቆርቆሮው ውስጥ ሆኖም እርጥበት ይጠጣል። ፔዳሉ ከለሰለሰ ማርሽ ቀንሱ፣ ደጋግማችሁ ርገጡ፣ በመጀመሪያው ሰፊ ቦታ ቁሙ። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ ማፍሰስ ዲስኩን ይሰነጥቀዋል።

ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው ክብደት ኋላ ነው። ይህ ሲወጣ ይጠቅማል። ሲወረድ፣ በተለይ ዝናብና ጉም ባለበት ኩርባ፣ ነዳጅ በድንገት መልቀቅ ወይም ኩርባ መሀል ፍሬን መያዝ ጅራቱን ያስወጣዋል። ፍጥነቱ ከኩርባው በፊት ይጨረስ፤ ኩርባው ውስጥ እግራችሁ ነዳጅ ላይ በስሱ ይቆይ።

መኪናው ቁመቱ 131 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል መጥቶ ወደ ደሴ የሚወጣ ባለ ተሳቢ ሹፌር አጠገቡ ያለን 911 ከጋቢናው ላይ አያየውም። የእሱን ፊት በስፖኪዮው ማየት ካልቻላችሁ እሱም አያያችሁም። ቀንም መብራት አብሩ።

ሞተሩና ከፍታው

በ2,500 ሜትር አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ 22 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። 325 የፈረስ ጉልበት ያለው ካሬራ ደሴ ላይ 250 አካባቢ ይሆናል፤ ሰው «ሞተሩ ደክሟል» ብሎ ከመካኒክ ወደ መካኒክ ይዞራል፤ የተበላሸ ነገር የለም። ለቤተሰብ ይበቃል። የሳሳው አየር አንድ ጥቅምም አለው። ፋብሪካው ኦክቴኑ (ሳይንኳኳ የመቃጠል አቅሙ) 98 የሆነ ቤንዚን ይመክራል፤ በእኛ ማደያዎች የሚገኘው ቤንዚን ከዚያ ያነሰ ቢሆንም ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት በከፍታ ስለሚቀንስ ሞተሩ በቀላሉ አይንኳኳም። ኮምቦልቻ በሙቀት ቀን፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት ሲጀምር ግን ተጠንቀቁ፤ ከፍተኛ ማርሽ ላይ በዝቅተኛ ዙር አታስጨንቁት፤ ከ2,500 ዙር በላይ ያዙት።

ነዳጅ ሲጠፋ በሃይላንድና በጀሪካን የሚሸጠውን አትግዙ። ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበታል፤ የዚህ መኪና የነዳጅ ፊልትሮ ሳልባቲዮው ውስጥ ስለሆነ እንደ ቶዮታ በአሥር ደቂቃ ተፈቶ አይጸዳም። ሳልባቲዮው 64 ሊትር ይይዛል፤ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ልማድ አድርጉት።

አሁን ከሁሉም ወደሚበልጠው እንምጣ። ደሴ ላይ ጠዋት ተነስቶ ልጆችን ሁለት ኪሎ ሜትር አድርሶ የሚቆም ሞተር ዘይቱ ሳይሞቅ ይጠፋል። ያልተቃጠለ ቤንዚንና እርጥበት ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ግድግዳው ይቧጨራል። ቆሞ ማሞቅ መፍትሔ አይደለም፤ ባዶ ዙር ላይ ሞተሩ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ጉዳቱን ያራዝመዋል። አስነሱ፣ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ቆዩ፣ በቀስታ ሂዱ፤ የዘይቱ ሙቀት 80 ዲግሪ እስኪደርስ ከ3,000 ዙር አትለፉ። በሳምንት አንድ ቀን ቢያንስ 40 ደቂቃ የሚወስድ መንገድ ንዱት፤ ሐይቅ ከተማ ደርሶ መመለስ በቂ ነው።

ዘይቱ የፋብሪካውን ኤ40 ደረጃ የሚያሟላ 0ደብሊው-40 ወይም 5ደብሊው-40 ይሁን። 8 ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ 9 ግዙ። እንዲህ ባለ አጭር ጉዞ በየ8,000 ኪሎ ሜትር ወይም በየስድስት ወሩ፣ ከሁለቱ የቀደመው ሲደርስ ቀይሩ። የማፍሰሻው ቡሎን በ50፣ የፊልትሮው ቤት በ25 ኒውተን ሜትር (በቶርክ ቁልፍ የሚለካ የማጥበቂያ ኃይል) ይጥበቅ። የፊልትሮው ቤት ፕላስቲክ ስለሆነ «ትንሽ ልጨምርበት» የሚል መካኒክ ይሰብረዋል።

997 የዘይት መለኪያ ዘንግ የለውም፤ መጠኑ በዳሽቦርዱ ላይ ይነበባል፤ የሚነበበውም ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ደሴ ውስጥ ሜዳ የሚመስል ብዙ ቦታ ሜዳ አይደለም። ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጠርሙስ ውሃ ከድናችሁ መሬቱ ላይ አጋድማችሁ አስተውሉ፤ አረፋው መሀል ካልቆመ ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ አንዴ ካገኛችሁ ሁልጊዜ እዚያው ለኩ። ዳገት ላይ አይቶ «ጎድሏል» ብሎ መጨመር ትልቁ ስህተት ነው። ከመጠን ያለፈ ዘይት የዘይትና የአየር መለያውን ያበላሸዋል፤ ያን ጊዜ መኪናው ሲነሳ መንደሩን የሚሸፍን ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ሰውም ሞተሩ አለቀ ብሎ ይደነግጣል። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሊትር በላይ አትጨምሩ፤ እስከ ላይኛው መስመርም አትሙሉት።

ራዲያተሮቹ ከፊት ፓራውልት ጥግና ጥግ፣ በሁለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ናቸው፤ ፊት ለፊታቸው የአየር ማቀዝቀዣው ኮንደንሰር አለ። ቀዳዳዎቹ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ አቧራና ፌስታል ይሰበስባሉ፤ ቅጠሉ ሲረጥብ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። በየወሩ በረጅም ለስላሳ ብሩሽና በአቧራ መሳቢያ ማሽን አጽዱት። በዓመት አንድ ጊዜ፣ መስከረም ላይ፣ ፓራውልቱን አስፈቱ፤ ከኮፈኑ ስር፣ ከጎን በጎማ ቤቱ በኩልና ከታች ያሉት ቡሎኖች ሲወጡ የጎን መብራት ሶኬቶቹን ነቅሎ ወደ ፊት መሳብ ነው። በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መሀል ያለውን አውጡና በደካማ ግፊት ውሃ እጠቡ። የመኪና ማጠቢያው ግፊት ክንፎቹን ስለሚያጣጥፍ አይሆንም። በዚያው አየር ማቀዝቀዣውን ከፍታችሁ ሁለቱም ማራገቢያዎች በዝቅተኛ ፍጥነት መዞራቸውን እዩ። ካልዞሩ ብዙ ጊዜ ሞተራቸው አልሞተም፤ ትንሿ ሬዚስተር ናት የተቃጠለችው።

ደሴ ላይ ውሃ 91 ወይም 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። የማቀዝቀዣው ክዳን ግፊት ካልያዘ በሌላ ከተማ የማይታየው ችግር እዚህ ይታያል። መኪናው ዳገት ወጥቶ ሲቆም የሚያንዶቀዱቅ ድምፅ ከሰማችሁ መጀመሪያ ክዳኑን ቀይሩ፤ ከዚያ የፕላስቲክ ማጠራቀሚያው ላይ ስንጥቅ ፈልጉ። የቧንቧ ውሃ አትጨምሩ፤ ግማሽ በግማሽ የተጣራ ውሃና ፀረ በረዶ ነው።

ጎማና ባትሪ

ባለ 18 ኢንቹ ካሬራ ከፊት 235/40፣ ከኋላ 265/40 ያደርጋል። የኋላው ልክ ደሴ ጎማ ቤቶች ስለማይገኝ ጥርሱ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ጥንድ እዘዙ፤ ሰፊ ጎማ ከዚያ በታች በጎርፍ ላይ ይንሳፈፋል። ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ፦ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መለዋወጫ ጎማ ስለሌለው የነፋስ መሙያ፣ የመድፈኛ ክርና የ19 ቁልፍ ከመኪናው አይለዩ። ጎሚስታው በአየር ሽጉጥ እንዳያጠብቅ ንገሩት፤ በእጅ አስገብቶ በቶርክ ቁልፍ 130 ኒውተን ሜትር ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ የከፍታው ለውጥ ጎማውን በትንሹ ያሳብጠዋል፣ ብርዱ ያሳንሰዋል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ፤ በየጉዞው ነፋስ መጨመርና መቀነስ አያስፈልግም።

ባትሪው ከፊት ኮፈን ስር ነው፤ ኮፈኑ ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው የሚከፈተው። ባትሪ ሲሞት የልጁ ዕቃም መፍቻውም እዚያ ውስጥ ይቆለፋል። ካቻቢቴ ይዞ ኮፈኑን መፈልቀቅ አያስፈልግም። የሹፌሩን በር በቁልፉ ክፈቱ፣ ከእግር ማሳረፊያው ጎን ያለውን የፊውዝ ሳጥን ክዳን አንሱ፣ ቀይዋን ተርሚናል ወደ ውጭ ሳቡ። የሌላ ባትሪ ፖዘቲቭ ከእሷ ጋር፣ ኔጌቲቩን ከበሩ መቆለፊያ ብረት ጋር አገናኙ። ማንቂያው ይጮኻል፤ በቁልፉ አጥፉት፤ ከዚያ የኮፈኑን ቁልፍ ተጫኑ። በዚያች ተርሚናል ሞተር ለማስነሳት አትሞክሩ፤ ሽቦዋ ቀጭን ስለሆነች ትቃጠላለች። ኮፈኑ ሲከፈት ገመዱን ወደ ባትሪው አዛውሩና ከዚያ አስነሱ። ባትሪውን አንስታችሁ እያላችሁም የዝናብ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን ከመስታወቱ ስር ጥረጉ፤ በቅጠል ከተደፈኑ ውሃው ወለሉ ላይ ይወርዳል፣ የቁልፉን ኮምፒውተር ያርሰዋል፣ መኪናውም በማግስቱ አይነሳም።